ከፍልውሃ ሥር የእሳት ባሕር የለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ነበር። እኔ ዘንድ ያደረሱት ጎረቤቴ ናቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ፍልውሃ ሄደው ይታጠባሉ። ጽሑፉን ካነበቡ በኋላ ግን ሁለት ቅዳሜ ቀሩ። «ልጄ፣ አንተ የድንጋይ ትምህርት ነው የተማርከው አይደል? እውነት ከሥራችን እሳት ተኝቷል?» አሉኝ። ይህን ምላሽ የምጽፈው በመጀመሪያ ለእሳቸው፣ ቀጥሎ ለጽሑፉ ባለቤት ነው።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህን ነው። ከአፋር እስከ ሐዋሳ፣ አዲስ አበባንም ጨምሮ፣ ከመሬት በታች አንድ የእሳት ባሕር አለ። እሳተ ገሞራዎቻችን ሁሉ የዚህ ባሕር ቀዳዳዎች ናቸው። የሚወጣው ቅልጥ አለትም አንድ ዓይነት ነው፤ ድንጋዩ ጠቁሮ ወይም ነጥቶ የሚገኘው በቀዘቀዘበት ፍጥነት ብቻ ነው። ሁለት ዓይነት ቢኖር እንኳ ሲገናኙ «እንደ ማኪያቶ» ተዋሕደው አንድ ይሆናሉ። ኤርታ አሌ ለዘመናት በሰላም ስለሚንተከተክ ፈንታሌም ቢነሣ እንደዚያው ነው። የፍልውሃ ሙቀት ደግሞ ባሕሩ ከእግራችን ሥር ለመኖሩ ማስረጃ ነው።

ጸሐፊው በክፉ ልብ እንዳልጻፉት አምናለሁ። በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. ሌሊት ሌሊት አልጋችን ሲወዛወዝ ሁላችንም ማብራሪያ ተርበን ነበር። እናቴ ጋቢዋን ደርባ ከአራተኛ ፎቅ ወርዳ ግቢ ውስጥ ያደረችበት ሌሊት አለ። ስምጥ ሸለቆው ሕይወት ያለው እንደሆነ፣ ችላ ልንለውም እንደማይገባ ጸሐፊው ማሳሰባቸው ልክ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ጽሑፉ መፍራት የሌለባቸውን ሰዎች ያስፈራል፣ መጠንቀቅ ያለባቸውን ደግሞ ያዘናጋል። ሁለቱም የመጡት ከአንድ ስሕተት ነው፤ ከመሬት በታች ያለውን ሁሉ አንድ አድርጎ ከማየት።

ከባሕሩ እንጀምር። ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ክፍል ማንትል ይባላል። ማንትል ጠጣር ነው። እጅግ ይሞቃል። በሚሊዮን ዓመታት ሲታይ እንደ ሊጥ በዝግታ ይንቀሳቀሳል። ፈሳሽ ግን አይደለም። ይህንን የነገረን ራሱ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። መንቀጥቀጥ ከሚያስነሣቸው ሞገዶች አንደኛው ዓይነት በፈሳሽ ውስጥ ማለፍ አይችልም። በማንትል ውስጥ ግን ያልፋል። ከታች ያለው ባሕር ቢሆን ኖሮ ሞገዱ እዚያው ይቀር ነበር። እንዲህ ያሉ ሞገዶችን የሚመዘግብ ጣቢያ እዚሁ አራት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ። ስለዚህ ነገሩ ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ አይደለም።

ታዲያ ጠጣር ከሆነ ቅልጥ አለቱ ከየት ይመጣል? ለዚህ የአዲስ አበባ ሰው ጥሩ ምሳሌ ማድ ቤቱ ውስጥ አለው። ከቆላ የመጣ ዘመድ «እናንተ አገር ንፍሮ ቶሎ አይበስልም» ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነቱን ነው። ውሃ ጅቡቲ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። እዚህ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። ግፊት ሲቀንስ ውሃው በትንሽ ሙቀት ይፈላል።

አለትም እንደዚሁ ነው። በብዙ አሥር ኪሎ ሜትር ጥልቀት ያለው ትኩስ አለት የማይቀልጠው የላዩ ክብደት ጨቁኖ ስለያዘው ነው። ስምጥ ሸለቆው ሲለጠጥና ሲሳሳ ከታች ያለው ትኩስ አለት ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ግፊቱ ይቀልለታል። ያን ጊዜ ማንም እሳት ሳይጨምርበት መቅለጥ ይጀምራል። ሁሉም አይደለም የሚቀልጠው፤ ከመቶ ጥቂቱ ብቻ ነው። ያ ጥቂት ፈሳሽ በድንጋዩ ፍሬዎች መካከል እየተንጠፈጠፈ ይሰበሰብና ወደ ላይ ይጓዛል። ባዛልት የምንለው ጥቁር ድንጋይ የዚህ ፈሳሽ ልጅ ነው። በፊሊፒንስና በጃፓን ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ ከውቅያኖስ ወለል ጋር ወደ ታች የሚገባ ውሃ ነው የአለቱን መቅለጫ ዝቅ የሚያደርገው። ትኩስ ባዛልት ከቅርፊቱ ሥር ተኝቶ የላዩን ድንጋይ የሚያቀልጥበት ጊዜም አለ።

ወደ ላይ የወጣው ቅልጥ አለትም ቢሆን ባሕር አይሠራም። ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት የሣልነው ሥዕል ከተራራ ሥር ቀይ ፈሳሽ የሞላበት ትልቅ ጋን ያሳየናል። የዛሬ ተመራማሪዎች የሚገልጹት ነገር ከጋን ጠላ ይልቅ ቅንጬ ይመስላል። አብዛኛው ክሪስታል ነው፣ በፍሬዎቹ መካከል ጥቂት ፈሳሽ አለ። እዚህም እዚያም ደግሞ ፈሳሹ ለብቻው የተጠራቀመባቸው ኪሶች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 አይስላንድ ውስጥ ክራፍላ በተባለው እሳተ ገሞራ ለእንፋሎት ኃይል ጉድጓድ ይቆፈር ነበር። መሰርሰሪያው 2.1 ኪሎ ሜትር ላይ ሳይታሰብ ቅልጥ አለት ውስጥ ገባ። ክራፍላ በባዛልት የሚታወቅ ተራራ ነው። መሰርሰሪያው የነካው ግን ራዮላይት የሚባለው፣ ከባዛልት እጅግ የሚወፍረው ቅልጥ አለት ነበር። በአንድ ተራራ ሥር፣ በዚያች ጠባብ ቦታ፣ ሁለት የተለያዩ ቅልጥ አለቶች! ይህንን ያየ ሰው «ከአፋር እስከ ሐዋሳ አንድ ባሕር» ለማለት እንዴት ይደፍራል?

«ድንጋይ የሚጠቁረውና የሚነጣው በቀዘቀዘበት ፍጥነት ነው» የሚለው ግማሽ እውነት አለበት። ፍጥነቱ የሚወስነው የፍሬውን መጠን ነው። ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ድንጋይ በዓይን የሚታይ ፍሬ ያወጣል፤ ቶሎ የቀዘቀዘው ይደቅቃል። ከምን እንደተሠራ ግን ፍጥነቱ አይለውጠውም። ባዛልት ከመቶ 50 ገደማ ሲሊካ (የአሸዋና የብርጭቆ ዋና ንጥረ ነገር) አለው፤ ብረትና ማግኒዚየም ስለሚበዛበት ይጠቁራል። ራዮላይት ሲሊካው ከ70 በመቶ ያልፋል፤ ብረቱ ትንሽ ነው። ባዛልት እንደ ማር ይፈሳል። ራዮላይት ከእሱ በሺዎች፣ አንዳንዴም በሚሊዮኖች እጥፍ ይወፍራል። የእኛ ስምጥ ሸለቆ ራዮላይት ሶዲየምና ፖታሲየም ስለሚበዛበት ከሌላው አገር ራዮላይት ይቀጥናል። ያም ሆኖ ከባዛልት ጋር አይወዳደርም።

ባልጩትን ደግሞ አስቡት። ባልጩት ጥቁር ነው፣ ቶሎ የቀዘቀዘ ብርጭቆ ነው። በጸሐፊው ሚዛን ከባዛልት ጋር መመደብ ነበረበት። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምናገኘው ባልጩት ግን በውስጡ ያለው የራዮላይት ቅመም ነው። ቀለም ብቻውን ያታልላል።

ልዩነቱን ለማየት ከተማውን መልቀቅ አያስፈልግም። ለፎቅ መሠረት ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር ቆም ብላችሁ ግድግዳውን እዩ። ጥቁር ባዛልት በአንድ ወገን፣ ከሞቀ አመድ የተጋገረው ነጣ ያለ ድንጋይ በሌላ ወገን ተደራርበው ታገኛላችሁ። እንጦጦ፣ ወጨጫ፣ ፉሪና የረር ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የነደዱ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። መንገድ ላይ የሚነጠፈው ቀይ አሽም ከባዛልት ፍንዳታ የተረፈ ነው።

አንድ ባዛልት ታዲያ እንዴት ወደ ራዮላይት ይለወጣል? ባቄላና ምስር የተቀላቀለበት ሰፌድ ውሰዱ። ባቄላውን ብቻ እየለቀማችሁ አውጡ። ማንም ምስር ሳይጨምር ሰፌዱ ላይ የቀረው ምስር ይሆናል። ባዛልት ሲቀዘቅዝም ቀድመው የሚወጡት ክሪስታሎች ሲሊካቸው አነስተኛ ነው። እነሱ ሲለዩ የቀረው ፈሳሽ በሲሊካ ይበለጽጋል። ኖርማን ቦወን የተባለ ሊቅ ይህንን በቤተ ሙከራ አሳይቶ እ.ኤ.አ. በ1928 በመጽሐፍ አሳተመው። ለእኛ ስምጥ ሸለቆ የሚሠራው ሒሳብ ጠንከር ያለ ነው። ከ100 ኩንታል ባዛልት 90 ያህሉ ክሪስታል ሆኖ ከተለየ በኋላ 10 ኩንታል ገደማ ራዮላይት ይቀራል። በመንገዱ ላይ ጥቂት የቅርፊቱን ድንጋይም አቅልጦ ይወስዳል።

አሁን ወደ ማኪያቶው። ይህ የጽሑፉ ክፍል በጣም ያሳሰበኝ ነው፣ ምክንያቱም ከዚህ ላይ ያለው ስሕተት ሰው ይጎዳል።

እስቲ መጀመሪያ ማኪያቶውን ራሱን እንመልከተው። ፒያሳ አንድ ካፌ ቁጭ ብላችሁ በብርጭቆ ሲመጣላችሁ ወተቱና ቡናው ተደራርበው ይታያሉ። ማንኪያ እስኪገባ ድረስ እንደተለያዩ ናቸው። ሁለቱም ቀጭን፣ ሁለቱም ትኩስ ሆነው እንኳ! ቅልጥ አለቶች ደግሞ በውፍረትም በሙቀትም አይተካከሉም። የተሻለው ምሳሌ ቅቤ ነው። የጋለ የቀለጠ ቅቤ በቀዘቀዘ ወፍራም ገንፎ ላይ አፍስሱ። ገንፎውን የነካው የቅቤው ጠርዝ ወዲያው ይረጋል። ገንፎው ደግሞ በነካው በኩል ይሞቃል፣ ይላላል።

ባዛልት ወደ ላይ ሲመጣ 1100 ወይም 1200 ዲግሪ ይሆናል። ራዮላይት 750 ወይም 850 ዲግሪ ላይ ተኝቶ ይጠብቀዋል። ለእኛ ሁለቱም እሳት ናቸው። ለባዛልቱ ግን 800 ዲግሪ ብርድ ነው። ስለዚህ ከራዮላይቱ ሥር እንደገባ መርጋት ይጀምራል። አንዳንዱ በእንክብል ተቆራርጦ ወደ ላይኛው ውስጥ ይገባል። ተማሪ ሳለሁ ከስምጥ ሸለቆ ያመጣሁት አንድ ድንጋይ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ነጣ ያለ ነው፣ በውስጡ ጥቁር እንክብሎች አሉት። የእንክብሎቹ ጠርዝ ከመሃላቸው ይልቅ የደቀቀ ነው። ድንገት ስለረጋ ነው። ሁለት ቅልጥ አለቶች ተገናኝተው ሳይዋሐዱ እንደቀሩ በእጄ ይዤ የማየው ነገር ነው።

በእርግጥ የሚዋሐዱበት ጊዜም አለ። ትኩሱ ሲበዛ፣ ሙቀታቸው ሲቀራረብ፣ በቂ ጊዜና መማሰል ሲያገኙ ይዋሐዳሉ። ያኔም ቢሆን ምልክቱ አይጠፋም። አብረው ሊወለዱ የማይችሉ ክሪስታሎች በአንድ ድንጋይ ውስጥ ጎን ለጎን ይገኛሉ። የአንዳንዱ ክሪስታል ጠርዝ ተበልቶ፣ ከዚያ በላይ ሌላ ቀለበት አብቅሎ ይታያል። በቀለበቶቹ መካከል ያለው ወሰን ከጊዜ ጋር ይደበዝዛል። የድብዘዛውን መጠን የለካ ሰው አዲሱ ቅልጥ አለት ከፍንዳታው ስንት ጊዜ አስቀድሞ እንደገባ ማስላት ይችላል። አንዳንዴ ዓመታት፣ አንዳንዴ ወራት፣ አንዳንዴ ሳምንታት ብቻ ይሆናል። እኔን በዚህ ሙያ ያቆየኝ ይህ ነው። ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ክሪስታል ቀን ቆጥራ ትነግርሃለች። መማሰሉ ሳይጠናቀቅ ፍንዳታው የቀደመበትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1912 አላስካ ውስጥ ኖቫሩፕታ ሲፈነዳ ነጭና ጥቁር መስመር የተሸመነበት ፑሚስ (በአረፋ የተሞላ ቀላል ድንጋይ) ተፍቷል።

ሁሉም እንደ ማኪያቶ የሚዋሐድ ቢሆን ኖሮ የእኛ ስምጥ ሸለቆ ድንጋይ በብዛት መካከለኛ መሆን ነበረበት። በተቃራኒው መካከለኛው ነው ብርቅ የሆነው። ባዛልት ሞልቷል፣ ራዮላይትና የቅርብ ዘመዱ ትራካይት ሞልቷል፣ በመሃል ክፍተት አለ። ክፍተቱ የታወቀ ስለሆነ «የዴሊ ክፍተት» የሚል ስም ወጥቶለታል። ለነገሩ ስለ መቀላቀል ማሰብ አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ሙከራ ምድጃው ስሙን የምናውቀው ሮበርት ቡንሰን እ.ኤ.አ. በ1851 የአይስላንድ ድንጋዮች ከሁለት ምንጭ ተቀላቅለው ሊሆን እንደሚችል ጽፎ ነበር።

ሰው ይጎዳል ያልኩት ለዚህ ነው። የሁለቱ መገናኘት ራሱ ፍንዳታ ሊቀሰቅስ ይችላል። ባዛልቱ ሲረጋ በውስጡ የነበረው ውሃና ጋዝ ክሪስታል ውስጥ ቦታ ስለማያገኝ በአረፋ መልክ ይወጣል። አረፋው ወደ ላይኛው ወፍራም ቅልጥ አለት ይገባል። ሙቀቱም አብሮ ይገባል። ተኝቶ የነበረው ይላላል፣ ያብጣል። ለስላሳ በፀሐይ አሙቆ፣ ወዝውዞ መክፈት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1991 ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ ከመፈንዳቱ በፊት ባዛልት ከታች መጥቶ ላይ ከነበረው ወፍራም ቅልጥ አለት ጋር ተገናኝቶ ነበር። አይስላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 መጋቢት ላይ ከኤያፍያትላዮኩትል ጎን ባዛልት በጸጥታ ሲፈስ ሰዎች ሄደው ይጎበኙት ነበር። በሚያዝያ ባዛልቱ ከተራራው ሥር ከነበረው አሮጌ ሲሊካ የበዛበት ቅሪት ጋር ተገናኘ። ተራራውን የሸፈነው በረዶም ፍንዳታውን አገዘው። የአውሮፓ ሰማይ ለአውሮፕላን ተዘጋ።

የራሳችንም ታሪክ አለ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ላይ ተሰነጠቀ። በስንጥቁ ውስጥ የገባው ባዛልት ነበር፤ በአንዳንድ ቦታ ስፋቱ 8 ሜትር ደረሰ። በደመራው ዕለት፣ መስከረም 16፣ ወደ ላይ የወጣው ግን ባዛልት አልነበረም። ከዳባሁ ተራራ ጎን አመድና ፑሚስ ወጣ፤ ራዮላይት ነበር። ባዛልቱ ራሱ መሬት ላይ ፈስሶ የታየው ከዚያ በኋላ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2009። ከታች የሚገባው አንድ፣ ከላይ የሚወጣው ሌላ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ስለዚህ «ኤርታ አሌ ጸጥተኛ ስለሆነ ፈንታሌም ጸጥተኛ ነው» የሚለውን በፍጹም አልቀበልም። ኤርታ አሌ በዋናነት የባዛልት ተራራ ነው። ፈንታሌ ከላዩ ሰፊ ጎድጓዳ ያለው፣ በትራካይትና በራዮላይት የተሠራ ነው። ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ በፊት የተፋው የጋለ አመድ ተጋግሮ ዛሬ አረንጓዴ የሚመስል ድንጋይ ሆኖ በዙሪያው ተዘርግቷል። እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ ደግሞ ከእግሩ ሥር ጥቁር ባዛልት ፈስሷል። በመተሐራ በኩል የተጓዘ ሰው ጥቁሩን ላቫ ከመንገዱ ዳር ያውቀዋል። ሁለቱም ዓይነት አንድ ቦታ ላይ አሉ ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ጎረቤቱ በሆነው በዶፈን እሳተ ገሞራና በፈንታሌ መካከል ምድርን የሰነጠቀው ቅልጥ አለት መሬት ላይ ሳይወጣ ቀረ። ታኅሣሥ 25 ላይ ያየነው ጭስም እንፋሎትና አቧራ ነበር። ይህ ግን ፈንታሌን እንደ ኤርታ አሌ ለመቁጠር ምክንያት አይሆንም። ከኤርታ አሌ ብዙም የማይርቀው ሀይሊ ጉቢ እንኳ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በድንገት ፈንድቶ አመዱ የመንን ተሻግሮ ሕንድ ደርሷል። የአዋሽ ፈንታሌ ወገኖቻችን «አትጨነቁ፣ ጸጥተኛ ነው» ሊባሉ አይገባም። ጸሐፊው ይህንን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንኳ ቢያርሙልኝ ደስ ይለኛል።

የቀረው ፍልውሃ ነው። እቴጌ ጣይቱና አፄ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው የሰፈሩበት ሙቅ ውሃ ነው። ለከተማዋ መመሥረት ምክንያት ሆኗል። ውሃው የሚሞቀው ከምድር ውስጥ በሚወጣ ሙቀት መሆኑን ጸሐፊው በትክክል ጽፈዋል። ለዚህ ግን ቅልጥ አለት ከሥር መኖር የለበትም። ምድር በየትም ቦታ ወደ ታች በወረድን ቁጥር፣ በአማካይ ለአንድ ኪሎ ሜትር ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ትሞቃለች። በዙሪያው ከፍታ የዘነበ ዝናብ በስንጥቅ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ቢወርድ 50 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል። ስምጥ ሸለቆ ዳር ደግሞ ቅርፊቱ ሞቅ ያለ ስለሆነ ያን ያህል መውረድም ላያስፈልገው ይችላል። ከዚያ በስብራቱ መስመር ተመልሶ ይወጣል።

አዲስ አበባን የሚያሳስባት ሌላ ነው። ከፈንታሌ በቀጥታ መስመር 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ብንርቅም የሚመጣው መወዛወዝ ፎቃችንን ይነካል። ነፋሱ ወደዚህ ቢነፍስ አመድ ሊደርስ ይችላል። የቢሾፍቱ ሐይቆች ጎድጓዶችም በምድር ዕድሜ ሲታዩ ሩቅ ዘመን አይደሉም፤ ጥናት ይገባቸዋል። ስለ ሕንፃ ጥንካሬ የሚጻፍ ጽሑፍ ቢኖር እኔም ተቀባብዬ አስተላልፈዋለሁ።

ለጎረቤቴ ይህንን ሁሉ ቡና ላይ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «እንግዲያው ውሃው የዝናብ ውሃ ነዋ?» አሉ። «አዎ፣ ብዙ ዘመን መሬት ውስጥ የከረመ የዝናብ ውሃ ነው» አልኳቸው። የፊታችን ቅዳሜ ፎጣቸውን ይዤ እስከ በሩ ድረስ እሸኛቸዋለሁ።